የጀግና ግጥምና የታሪክ ሚዛን

ምስጋና ሁሉ ለዓለማቱ ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሃቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ በዛሬው ዝግጅታችን ስለ ረጃጅም የጀግንነት ግጥሞች እንነጋገራለን። ፈረንጆች ኢፒክ ይሏቸዋል። ዐረቦች በሕዝብ አንደበት የሚተረኩትን ሲራ እያሉ ይጠሯቸዋል። በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ነገራችንን ከመካ እንጀምር። ከቁረይሽ ሰዎች መካከል አን-ነድር ኢብኑል-ሓሪስ የሚባል ሰው ነበር። ይህ ሰው ወደ ሒራ ሄዶ የፋርስ ነገሥታትን ወሬ፣ የሩስተምንና የኢስፈንዲያርን ተረክ ተምሮ ተመልሷል። ኢብኑ ኢስሓቅ በሲራ መጽሐፋቸው እንደዘገቡት፣ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎችን ሰብስበው ወደ አላህ ከጠሩና ያለፉትን ሕዝቦች ፍጻሜ ካስታወሱ በኋላ ሲነሱ፣ እሱ በቦታቸው ይቀመጥና የእነ ሩስተምን ታሪክ ይተርክ ነበር። የእኔ ወሬ ከሙሐመድ ወሬ ይበልጣል እያለም ይፎክር ነበር። ከተፍሲር ሊቃውንት ከፊሎቹ በሱረቱ ሉቅማን 6ኛው አንቀጽ ላይ የተወሳውን ከንቱ ወሬ የሚሸምት ሰው ከእሱ ጋር ያያይዙታል።

ከዚህ በኋላ አራት መቶ ዓመት ገደማ አለፈ። በዛሬዋ ኢራን ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በጡስ ከተማ አካባቢ ፊርደውሲ የሚባል ሙስሊም ባለቅኔ የነዚያኑ የሩስተምንና የኢስፈንዲያርን ታሪክ በግጥም ጻፈ። ሻህናሜ ወይም የነገሥታት መጽሐፍ የሚባለው ይህ ሥራ በ1010 የተጠናቀቀ ሲሆን ወደ 50,000 የሚጠጉ ጥንድ ስንኞች አሉት። ዛሬ በኢራን፣ በአፍጋኒስታንና በታጂኪስታን ልጆቻቸውን ሩስተም ወይም ሱህራብ እያሉ የሚጠሩ ሙስሊም ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።

እንግዲህ ልብ እንበል። ጀግኖቹ ያው ናቸው። በአን-ነድር እጅ ሰውን ከሐቅ ማዘናጊያ ነበሩ። በፊርደውሲ እጅ ግን የአንድ ሕዝብ ቋንቋና ትውስታ መጠበቂያ ሆኑ። ልዩነቱ ከምን መጣ? አንድ ሙስሊም ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ግጥም ሲሰማ ምን መለየት አለበት? የዛሬው ንግግራችን በዚህ ላይ ያተኩራል።

የጀግንነት ግጥም ምንድን ነው?

የጀግንነት ግጥም ስንል አንድን ጀግና ወይም አንድን ነገድ ይዞ ትውልዱን፣ ጦርነቱን፣ ስደቱንና ሞቱን በሺህ በሚቆጠሩ ስንኞች የሚተርክ ሥራ ማለታችን ነው። በአንድ ጀንበር የሚያልቅ አይደለም። ብዙዎቹ መጀመሪያ የተነገሩት በቃል ነው፤ በጽሑፍ የሰፈሩት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

በጽሑፍ ከተገኙት ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ በደቡብ ኢራቅ የነበረችው የኡሩክ ከተማ ንጉሥ የጊልጋሜሽ ታሪክ ነው። ጊልጋሜሽ ኤንኪዱ የሚባል ወዳጁ ሲሞትበት ሞትን ይፈራል፤ የማይሞትበትን መላ ፍለጋ ዓለምን ይዞራል፤ በመጨረሻም ባዶ እጁን ወደ ከተማው ይመለሳል። ታሪኩ በሸክላ ጽላቶች ላይ ተቀርጾ በነነዌ ፍርስራሽ ውስጥ ተቀብሮ ኖሯል። ጆርጅ ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ በ1872 በለንደን ከጽላቶቹ አንዱን ሲያነብ ታላቅ ጎርፍና አንዲት መርከብ የተወሱበትን ክፍል አገኘ። ነገሩ የነብዩ ኑሕን (ዐ.ሰ) ታሪክ ለሚያውቅ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ከኢራቅ ተዘርፎ የወጣ 3,500 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው አንድ የጊልጋሜሽ ጽላት በ2021 ከአሜሪካ ለኢራቅ መመለሱም የሚታወስ ነው።

ከግሪኮች ዘንድ ደግሞ በሆሜር ስም የሚጠሩት ኢሊያድና ኦዲሲ አሉ። የመጀመሪያው ከ15,000 በላይ፣ ሁለተኛው ከ12,000 በላይ ስንኞች አሏቸው። የኪርጊዝ ሙስሊሞች ማናስ የሚባለው ግጥም ግን ከእነዚህም እጅግ ይረዝማል። በ1971 ያረፈው ሳያክባይ ካራላዬቭ የሚባል ተራኪ ካስመዘገበው ብቻ ወደ 500,000 የሚጠጋ ስንኝ ተጽፏል። ይህም ኢሊያድና ኦዲሲ አንድ ላይ ተደምረው ካላቸው ከ15 እጥፍ በላይ ነው።

አንድ ደረት ይህን ሁሉ እንዴት ይሸከማል?

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሳል። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ይህን ያህል ስንኝ እንዴት ይይዛል? መልሱ የተገኘው በአብዛኛው ከአውሮፓ ሙስሊሞች ዘንድ ነው።

ሚልማን ፓሪ የሚባል የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር በ1933፣ ከዚያም በ1934 እና በ1935 ወደ ዩጎዝላቪያ ተጓዘ። ዓላማው በቃል የሚገጥሙ ሰዎችን ድምፅ በሸክላ ቀድቶ የሆሜርን ግጥም ምሥጢር መረዳት ነበር። በቦስኒያ፣ በኖቪ ፓዛርና በሞንቴኔግሮ ሙስሊሞች ዘንድ የጀግንነት ግጥም በቡና ቤቶች ይዜም ነበር። ዜማው የሚወጣው ጉስሌ በሚባል መሣሪያ ነው። ጉስሌ እንደ እኛ አገር ማሲንቆ ባለ አንድ ክር ሆኖ ክሩ የፈረስ ጭራ ነው፤ በደጋን እየተመታ ይጮኻል። ስለ ሙዚቃ መሣሪያ የሚነሳው የፊቅህ ጉዳይ የዛሬው ርዕሳችን ባለመሆኑ እናልፈዋለን።

የነዚህ ግጥሞች ዋናው ወቅት ረመዳን ነበር። ሰዎች ካፈጠሩ በኋላ በቡና ቤቱ ይሰበሰባሉ። ባለቤቱ ለወሩ የሚቀጥረው ገጣሚ ለሠላሳው ሌሊት ሠላሳ ግጥም ሊኖረው ይገባል። ሰው ሲበዛና ጆሮ ሲሰጠው ያስረዝመዋል፤ ሰው እያዛጋ መውጣት ሲጀምር ያሳጥረዋል።

ፓሪ ካገኛቸው ሁሉ የላቀው አቭዶ ሜጄዶቪች ነበር። በቢዬሎ ፖልዬ አካባቢ የሚኖር፣ ሥጋ በመሸጥ የሚተዳደር፣ ፊደል ያልቆጠረ ሙስሊም ገበሬ ነው። በ1935 ስለ ስማይላጊች ሜሆ ሠርግ ያለውን ግጥም ቃል በቃል እየተናገረ አስጻፈ። ተቆጥሮ ሲታይ 12,311 ስንኝ ሆነ፤ የኦዲሲን ያህል ማለት ነው። አቭዶ ግጥሙን ያወቀው ሌላ ሰው ከአንድ አጭር የታተመ መጽሐፍ ሲያነብለት ሰምቶ ነበር። መሠረቱን ከዚያ ወስዶ ልብሱን፣ ፈረሱን፣ የጀግናውን ሐሳብና ጭንቀት እየጨመረ ብዙ እጥፍ አሳደገው።

ፓሪ አንድ ቀን ሊፈትነው ፈለገ። ሌላ ገጣሚ አቭዶ ሰምቶት የማያውቀውን ከ2,000 በላይ ስንኝ ያለው ግጥም በፊቱ እንዲያዜም አደረገ። ሲጨርስ አቭዶ ራሱ ይችለው እንደሆነ ተጠየቀ። አቭዶ ያንኑ ግጥም ያኔውኑ አንድ ጊዜ በመስማት ብቻ መለሰው፤ ርዝመቱ ግን ከ6,000 ስንኝ በላይ ሆነ።

ምሥጢሩ ይህ ነው። ገጣሚው ስንኞቹን አንድ በአንድ አልሸመደደም። በአሥር ቀለም የሚመጥን ስንኝ ውስጥ የሚገቡ ዝግጁ ሐረጎች ከልጅነቱ ጀምሮ በጆሮው ሞልተዋል። ንጋትን የሚገልጽበት ሐረግ አለው፤ ፈረስን የሚያወድስበት አለው፤ የጀግናን መታጠቅ የሚገልጽበት አለው። የሹማምንት ሸንጎ፣ የደብዳቤ መምጣት፣ የሠርግ አጀብ የመሰሉ ትዕይንቶችንም እንደ ሸማኔ ድርና ማግ ያዋህዳቸዋል። እኛ አገር ፉከራና ቀረርቶ የሚያወርድ ሰው ሳይዘጋጅ ቤት እየመታ ሲቀጥል የሰማ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ፓሪ በ1935 መጨረሻ በወጣትነቱ ሞተ። ረዳቱ የነበረው አልበርት ሎርድ ጥናቱን አጠናቆ በ1960 በመጽሐፍ አሳተመው።

ሁለት ዓይነት ትውስታ

ውድ አድማጮቻችን፣ ከዚህ ጥናት ውስጥ ለእኛ እጅግ የሚጠቅም ነጥብ አለ። ፓሪና ሎርድ ገጣሚዎቹን ሲጠይቋቸው፣ ግጥሙን ሃያ ዓመት ቆይተን ብንደግመው እንኳ ቃል በቃል አንድ ነው ይሉ ነበር። በሸክላ የተቀዳው ድምፅ ሲመሳከር ግን አንድ ሰው ራሱ ያንኑ ግጥም ሁለት ጊዜ ሲያዜም ቃሉ ይለያያል፤ ስንኙ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ሰዎቹ ውሸታሞች አልነበሩም። ለእነሱ «ቃል» ማለት የነገሩ ጠቅላላ ይዘት እንጂ እያንዳንዱ ፊደል አልነበረም።

አሁን ያችን የረመዳን ሌሊት እናስብ። በአንድ ከተማ በአንድ ምሽት ሁለት የቃል ሥራ ይከናወናል። በመስጊድ ውስጥ ሐፊዙ ተራዊህ ያሰግዳል፤ አንዲት ሐረካ ቢስት ከኋላው የቆመው ያርመዋል። እሱም የተማረው ከመምህር አፍ ነው፤ መምህሩም ከመምህሩ። ከመስጊዱ ትንሽ ራቅ ብሎ በቡና ቤቱ ደግሞ ገጣሚው እንደ አድማጩ ሁኔታ ያስረዝማል፣ ያሳጥራል፤ የሚያርመው የለም፣ መታረምም አያስፈልገውም። የመጀመሪያው የተቀበለውን እንዳለ የማድረስ አደራ ነው። ሁለተኛው በየምሽቱ እንደ አዲስ የሚሠራ ጥበብ ነው።

ሁለቱም በቃል የተያዙ ናቸው ብሎ አንድ ላይ መደመር ትልቅ ስህተት ነው። በቃል የተላለፈ ሁሉ ይዛነፋል የሚል ሰው የሐፊዙን ሥርዓት አላየም። በቃል የተላለፈ ሁሉ እውነት ነው የሚል ደግሞ የገጣሚውን ሥራ አላወቀም።

ጥቁሩ ጀግና

የሙስሊሙ ዓለም የጀግንነት ግጥሞች ለሐበሻ ሙስሊም ቤተሰብ የተለየ ትርጉም አላቸው። ምክንያቱም በብዙዎቹ ውስጥ የቆዳ ቀለም ጉዳይ ተደጋግሞ ይነሳል።

ዐንተራ ኢብኑ ሸዳድ ከእስልምና በፊት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ የበኒ ዐብስ ነገድ ባለቅኔና ተዋጊ ነው። እናቱ ዘቢባ ሐበሻዊት ባሪያ ነበረች። በጊዜው ልማድ የባሪያ ልጅ ባሪያ በመሆኑ አባቱ ልጄ አላለውም ነበር። ነገዱ በጠላት ሲወረር ግን ክንዱ ስላስፈለገ ነፃነቱን አገኘ። ግጥሙ ከታላላቆቹ ሙዐለቃት አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። በኋላ ዘመን በስሙ የተዘጋጀው ሲረቱ ዐንተር የተባለው የሕዝብ ተረክ ግን ከእውነተኛው ሰው እጅግ ርቆ፣ ዐንተራን በማያውቃቸው አገሮችና ዘመናት ያዘምተዋል።

ሁለተኛው አቡ ዘይድ አል-ሂላሊ ነው። በኒ ሂላል ከዐረብ ምድር ተነሥተው፣ በግብጽ ተቀምጠው፣ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ ቱኒዚያ የተሻገሩ ነገዶች ናቸው። ስደታቸው እውነተኛ ታሪክ ነው። በግጥሙ እንደሚተረከው ግን አቡ ዘይድ ሲወለድ ጥቁር ሆነ። አባቱ ልጁን ካደ፤ እናቱ ኸድራ ከነልጇ ተሰደደች። ልጁ አድጎ የነገዱ መከታ ሆነ። የግብጽ ተራኪዎች ይህን ታሪክ በረባባ እያጀቡ ለብዙ ሌሊቶች ይተርኩታል። ገጣሚው ዐብዱረሕማን አል-አብኑዲ በላይኛው ግብጽ እየዞረ ከጃቢር አቡ ሑሴንና ከሌሎች ተራኪዎች ቀድቶ በራዲዮ አሰምቶታል። ዩኔስኮ በ2003 ያወጀውና በ2008 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረውም አዋቂዎቹ እያለቁ መሆናቸውን በማሳሰብ ነው።

ሦስተኛው በምዕራብ አፍሪካ ይገኛል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የማሊን መንግሥት የመሠረተው የሱንጃታ ኬይታ ታሪክ ጄሊ በሚባሉ የቃል አዋቂ ቤተሰቦች እየተወረሰ እስከ ዛሬ ይነገራል። በሕፃንነቱ መራመድ የማይችል ልጅ፣ ብረት ተመርኩዞ ቆሞ፣ ተሰዶ፣ ተመልሶ የሶሶውን ንጉሥ በኪሪና ጦር ሜዳ ድል አደረገ። ጄሊዎቹ የኬይታን ዘር ሲቆጥሩ ቢላሊ ቡናማ ከሚሉት ሰው ይጀምራሉ። ይህም ሐበሻዊው የነብዩ ሙአዚን ቢላል ኢብኑ ረባሕ (ረ.ዐ) ነው ይላሉ። በነሲብ ሚዛን ይህ የተረጋገጠ ታሪክ አይደለም። ሆኖም አንድ ታላቅ የአፍሪካ መንግሥት ክብሩን ከንጉሥ ሳይሆን በመካ አሸዋ ላይ ከተሰቃየ ባሪያ ለመጀመር መምረጡ ስለ ሕዝቡ ኢማን ብዙ ይናገራል።

ዑለማኦች ምን አሉ?

በቁርኣን ውስጥ አሽ-ሹዐራእ ማለትም ባለቅኔዎች በሚል ስም የምትጠራ ሱራ አለች። በመጨረሻዋ ላይ የማይሠሩትን የሚናገሩ፣ በየሸለቆው የሚዋትቱ ባለቅኔዎች ተነቅፈው ያመኑና መልካም የሠሩት ግን ተለይተዋል። ሐሳን ኢብኑ ሳቢት (ረ.ዐ) የአላህን መልእክተኛ በግጥሙ ይከላከል እንደነበር የታወቀ ነው። ከግጥም ውስጥ ጥበብ ያለበት እንዳለም በሐዲስ ተወስቷል። ስለሆነም ነገሩ በግጥምነቱ ብቻ አይወደድም፣ አይጠላም።

ለዑለማኦቹ ያሳሰባቸው ሌላ ጉዳይ ነበር። በ1373 የሞቱት ታላቁ ሙፈሲርና የታሪክ ሊቅ ኢብኑ ከሲር፣ በሕዝብ ዘንድ ስለ አል-በጣልና ስለ ደልሀማ የሚነበበው ሲራ ውሸትና ፈጠራ መሆኑን፣ የዐንተራም ሲራ ከዚህ እንደማይሻል በታሪክ መጽሐፋቸው ገልጸዋል። ሲራ የሚለው ቃል ራሱ አደናጋሪ ነው። የነብዩ የሕይወት ታሪክም ሲራ ይባላል፤ የገበያው ተረክም ሲራ ይባላል። ለመጀመሪያው ኢስናድ ይጠየቅለታል፤ ማን ከማን ሰማ ተብሎ ይመረመራል። ለሁለተኛው ማንም አይጠይቅም። ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ ሲቀመጡ ተራው ሰው ቢምታታበት አይገርምም።

በሌላ በኩል በ1406 የሞቱት ኢብኑ ኸልዱን በሙቀዲማቸው መጨረሻ ላይ የበኒ ሂላልን ግጥሞች መዝግበው አቆይተውልናል። በዘመናቸው የነበሩ ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት የሰዋስው መድረሻ የለውም ብለው ይንቁት ነበር። እሳቸው ግን የንግግር ውበት በሰዋስው መድረሻ ብቻ እንደማይለካ ተከራክረዋል። ከዚህም ባሻገር ሶሶን ድል ያደረገውን የማሊ ንጉሥ ማሪ ጃጣን በስሙ ጠቅሰዋል። ይህ የጄሊዎቹ ሱንጃታ ነው። ስለዚህ በግጥሙ ውስጥ የእውነት ፍሬ እንዳለ በሌላ ምስክር ተረጋገጠ ማለት ነው።

የሁለቱ ሊቃውንት አቋም አይጋጭም። ኢብኑ ከሲር ተረክ በታሪክ ወንበር ላይ እንዳይቀመጥ ጠበቁ። ኢብኑ ኸልዱን ደግሞ ከወንበሩ ወረደ ተብሎ ከቤት እንዳይባረር ጠበቁ።

ሐበሻ ጠላት የሆነበት ግጥም

ይህን ሚዛን በራሳችን ላይ እንሞክረው። በመምሉኮች ዘመን ግብጽ ውስጥ እንደተቀናበረ የሚነገርለት ሲረቱ ሰይፍ ኢብኑ ዚ የዘን የሚባል ሰፊ ተረክ አለ። እውነተኛው ሰይፍ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፋርሶች እርዳታ ሐበሾችን ከየመን ያስወጣ መስፍን ነው። በተረኩ ውስጥ ተቀናቃኙ የሐበሻው ንጉሥ ሰይፈ አርዕድ ነው። ሰይፈ አርዕድ የሚባለው የኢትዮጵያ ንጉሥ ግን የነገሠው ከ1344 እስከ 1371 ነው። በሁለቱ መካከል ወደ ስምንት መቶ ዓመት አለ። ይባስ ብሎ ክርስቲያን የነበረው ንጉሥ በተረኩ ከዋክብትን አምላኪ ሆኗል። ተረኩ ጥቁር ሕዝብን ለባርነት የተመደበ አድርጎ የሚያሳይ ሐሳብም ተሸክሟል።

ይህን የሰማ ሐበሻዊ ሙስሊም ምን ይሰማዋል? በ615 የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች መጠጊያ ያገኙት በዚችው ሐበሻ፣ ከነጃሺ ዘንድ ነው። ቢላልም (ረ.ዐ) ሐበሻዊ ነው። ግጥሙ በሙስሊም እጅ ስለተጻፈ ብቻ ይህን እውነት ሊሽረው አይችልም። የሰው ግጥም ውስጥ ጠላት ሆኖ መገኘት ምን እንደሚመስል ማወቅ፣ እኛም በምናደንቀው ግጥም ውስጥ ጠላት የተደረገው ማን እንደሆነ እንድንጠይቅ ያስተምረናል።

ግጥም ጦር ሲሆን

ጥያቄው የወሬ ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ የቦስኒያ ሙስሊሞች ዕጣ ይመሰክራል። አቭዶ ያንጎራጎረበት ያው ጉስሌ፣ ያው ባለ አሥር ቀለም ስንኝ በሰርብ ክርስቲያኖችም ዘንድ ይዜማል። በ1389 በኮሶቮ ሜዳ የተደረገው ጦርነት፣ ልዑል ላዛርና ሱልጣን ሙራድ ሁለቱም የሞቱበት፣ የግጥማቸው እምብርት ነው። በ1847 የታተመው የሞንቴኔግሮው ገዢ የንዬጎሽ የግጥም ድራማ ደግሞ እስልምናን የተቀበሉ ወገኖች መጨፍጨፍን እንደ ጀብዱ ያወድሳል።

በ1989 የኮሶቮ ጦርነት 600ኛ ዓመት በብዙ ሕዝብ ፊት ሲከበር ያ የድሮ ቂም ለፖለቲካ ነዳጅ ሆነ። ጦርነቱ በ1992 ቦስኒያ ውስጥ ተጀመረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የሳራዬቮ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በመድፍ ተቃጠለ። የቦስኒያ ሰርቦች መሪ ራዶቫን ካራጂች በዚያው ዓመት በተሠራ ዘጋቢ ፊልም ላይ ጉስሌ ሲጫወት ይታያል። ሐምሌ 1995 የጦር አዛዡ ራትኮ ምላዲች ስሬብሬኒትሳ ሲገባ በካሜራ ፊት ቆሞ በ1804 በዳሂዎች ላይ የተነሣውን አመጽ ጠቅሶ ቱርኮችን የመበቀያው ጊዜ መድረሱን ተናገረ። ያ አመጽ ፊሊፕ ቪሽኒች በተባለ ዓይነ ስውር ባለ ጉስሌ ግጥም የታወቀ ነው። በከተማይቱ የነበሩት ግን ቱርኮች አልነበሩም፤ የራሱን ቋንቋ የሚናገሩ ጎረቤቶቹ ነበሩ። በቀጣዮቹ ቀናት ከ8,000 በላይ ሙስሊም ወንዶችና ልጆች ተገደሉ። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በካራጂች ላይ በ2019፣ በምላዲች ላይ በ2021 የዕድሜ ልክ እስራትን የመጨረሻ ፍርድ አድርጎ ወስኗል።

ጭፍጨፋውን ግጥም ብቻ አመጣው አንልም። ሥልጣን፣ መሣሪያና ጥላቻ የሰበሰቡ ሰዎች ናቸው ያደረጉት። ግጥሙ ግን የሞተን ጠላት ስም በሕያው ጎረቤት ላይ እንዲለጥፉ አመቻቸላቸው። እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። የሙስሊሞቹ የድንበር ግጥሞችም በዘመቻና በምርኮ ይኮሩ ነበር። አንድን ሕዝብ በጅምላ መኮነንም ያው የግጥሙ በሽታ ነው። ጉስሌም ወንጀለኛ አይደለም፤ ቢዬሎ ፖልዬ ውስጥ የጾመ ሰው ድካሙን ይረሳበት ነበር።

በቤታችን ምን እናድርግ?

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ከዚህ ሁሉ ለቤታችን የሚሆን አራት ነገር እንውሰድ።

አንደኛ፣ አዛውንቶቻችን በደረታቸው የያዙት እንዳይጠፋ እንጣር። የስደት ታሪክ፣ የነገድ ታሪክ፣ የአሊሞች ታሪክ፣ መንዙማ በየቤቱ አለ። ፓሪ በሸክላ የቀዳውን ዛሬ ማንም ልጅ በስልኩ መቅዳት ይችላል። ስሙን፣ ቦታውንና ቀኑን ጭምር ይመዝግብ። አንዱ ከሌላው የተለየ ቢናገር የአንዱን አንሰርዝ፤ ሁለቱንም እናቆይ።

ሁለተኛ፣ ለልጆቻችን ስንተርክ ተረኩን ተረክ፣ ታሪኩን ታሪክ እንበለው። የዐንተራን ጀብዱ የሰማ ልጅ እውነት ነው ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ሰውየው ነበረ፣ ይህኛው ግን ተጨምሮበታል ብለን እንመልስለት። ልጁ ደስታው አይቀንስበትም፤ ይልቁንም መመርመርን ይለምዳል።

ሦስተኛ፣ የነብያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ሲራና የሶሃቦችን ታሪክ ከዚህ ሁሉ ለይተን እናስቀምጥ። በአላህ መልእክተኛ ላይ ያላሉትን ማለት እንደማንኛውም የገጣሚ ጭማሪ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ለማሳመር ብለን የምንጨምረው የለም።

አራተኛ፣ ግጥሙ ሲያልቅ ማንን ጥላ አለኝ ብለን እንጠይቅ። ዛሬ በሕይወት ያለውን ጎረቤታችንን በድሮ ጠላት ስም የሚያስጠራን ከሆነ፣ ዜማው ምንም ቢያምር እዚያው እናቁመው።

ኢብኑ በጡጣ በ1352 ወደ ማሊ ሄዶ የመንሳ ሱለይማንን ቤተ መንግሥት ጎብኝቷል። በዓል ሲሆን ጄሊዎቹ ላባ የተሰፋበት ልብስ ለብሰው፣ ቀይ መንቁር ያለው የእንጨት ራስ አጥልቀው በንጉሡ ፊት ይቆማሉ። ኢብኑ በጡጣ በአለባበሳቸው ሳቀ። የሚሉት ነገር ግን የሚያስቅ አልነበረም። በዚህ ወንበር ላይ ከእርሶ በፊት እነ እገሌ ተቀምጠው እንዲህ ያለ መልካም ሠርተዋል፤ እርሶም ከሞቱ በኋላ የሚወሳ መልካም ይሥሩ እያሉ ንጉሡን ያሳስቡት ነበር። በማሊ ያለፉትን የማውሳት ጥቅሙ ይህ ነበር፤ በወንበሩ ላይ ያለው ሰው ከመነሣቱ በፊት እንዲሠራ።

አላህ ከሰሙት ውስጥ መልካሙን ከሚከተሉት ያድርገን።